ተቀምጦ ሲታይ ጤነኛ

አምባሰል ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ዘፈን ነው። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ፣ ማሪቱ ለገሰ ስትይዘው ትንፋሹ የማያልቅ የሚመስለው። ሐይቅ ሲባል ደግሞ ውሃው፣ የእስጢፋኖስ ገዳምና ከደሴ ወደ ወልዲያ ስንሄድ ከመኪና ወርደን ፎቶ የምንነሳበት ዳርቻ ይታወሰናል። በዚያው ተራራና በዚያው ዳርቻ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፉ መጨረስ የማይችሉ ሰዎች ይኖራሉ። ስለ እነሱ ማንም አልዘፈነም። ይሁን፣ ዘፈን አልጠየቁም። የሚያበሳጨው ኑሯቸው ላይ የሚወስኑ ሰዎች ሁሉ የሚያዩዋቸው ተቀምጠው ሳለ መሆኑ ነው። ተቀምጠው ሲታዩ ደግሞ ጤነኛ ናቸው።

የማወራው ሥር ስለሰደደ የሳንባ በሽታ ነው። አስም አንዱ ነው። በጭስና በብናኝ ብዛት የአየር ቧንቧው ጠብቦ የማይመለስበት በሽታ ሌላው ነው። ሳንባ ነቀርሳ ከዳነ በኋላ የሚቀር ጠባሳ ደግሞ ሦስተኛው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሰውየው ላይ የሚያደርሱት ይመሳሰላል፦ ያስላሉ፣ ያፍናሉ፣ ዳገት ያስጠላሉ፣ ሌሊት ያስቀምጣሉ። ቶሎም አይገድሉም። ይሄ ደግ ነገር ይመስላል። ግን የኛ አገር እርዳታ፣ ሕግና ይሉኝታ ሁሉ የተሠራው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ታሞ ለሚድን እና ታሞ ለሚሞት። ታሞ ለሚኖር ሰው ቦታ አላዘጋጀንም። የኔ ክርክር ይሄ ነው፦ እነዚህን ሰዎች ደሃ ያደረጋቸው ሳንባቸው ብቻ አይደለም። በሽታቸውን ከሥራቸው ነጥለን ለማየት የወሰንን እኛም አለንበት።

ስለ በሽታው ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ሲጋራ ያጨስ ነበር እንዴ?» ከጥያቄው ጀርባ ፍርድ አለ፤ ካጨሰማ የራሱ ጉዳይ ነው የሚል። ፍርዱ ግን እዚህ አገር አይሠራም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከሴቶች ደግሞ 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ለዚህ የቧንቧ መጥበብ ከ70 በመቶ በላይ ተጠያቂው ትምባሆ ነው፤ በኛ ዓይነት አገሮች ግን ድርሻው ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። የቀረውን ማን አጨሰው?

ማድ ቤት ገብቶ ያየ መልሱን ያውቀዋል። ሦስት ጉልቻ፣ ምጣድ፣ ኩበት፣ ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፤ መስኮት የሌለው ጎጆ፣ ጣሪያው በጥቀርሻ የጠቆረ። በዚያው በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ10 ቤተሰብ ከ9 በላይ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው እንደሆነ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ እንደሞተ ይገምታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ደግ አደረገ። እናቶቻችን ማድ ቤት ውስጥ ከልጅነት ጀምሮ የሚስቡትን ግን ማንም በአዋጅ አልከለከለም። በጭሱ ላይ የአውድማ ገለባ፣ የወፍጮ ቤት ዱቄት፣ የጠጠርና የድንጋይ ብናኝ፣ ፋብሪካ ለገባ ሰው የጥጥ ብናኝ ሲጨመር፣ ሲጋራ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው በአርባ ዓመቱ የሽማግሌ ሳንባ ይዞ ይገኛል።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ላውራ፣ ጉዳዩ ስለሚያስፈልገው። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ነገ ሐኪም «ሳንባህ ግማሽ አቅሙን አጥቷል» ቢለኝ ምን አጣለሁ? ኳስ እተዋለሁ። አራተኛ ፎቅ ስወጣ መሀል ላይ አርፋለሁ። ደመወዜ ግን በወሩ መጨረሻ ይገባል፤ ኮድ ለመጻፍ ብዙ ትንፋሽ አያስፈልግም። ቢብስብኝ እንኳ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠኛል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ብዙ ነው አልልም። ግን ለኔ አለ።

በዕድሜ እኩያዬ የሆነ፣ ሳንባውም ያው ግማሽ የሆነ የአምባሰል ገበሬ አስቡ። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ዳገት ካልወጣ ሥራ የለውም። የሕመም ፈቃድ የሚሞላለት አለቃም የለውም። በሬዎቹ ፈቃድ አይሰጡም፣ ክረምቱም አይጠብቅም። እኔና እሱ አንድ ዓይነት በሽታ ይዞን፣ እኔ ስፖርት የተውኩ ሰው እሆናለሁ፣ እሱ ቤቱ የፈረሰ ሰው ይሆናል። ልዩነቱ ሳንባችን ላይ የለም። ልዩነቱ ወንበሩ ነው።

ቤቱ እንዴት እንደሚፈርስ ደግሞ ደረጃ አለው፤ የማውቃቸው ቤተሰቦች ታሪክ ተራ በተራ ይሄንኑ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ሙሉ ቀን የሚያርሰው ሰው እስከ ረፋድ ብቻ ማረስ ይጀምራል። ከዚያ ወንፈል ይጠይቃል። ወንፈል ግን ብድር ነው፤ ዛሬ ያረሱልህን ነገ ታርስላቸዋለህ። መመለስ ያልቻለ ሰው ሁለተኛ ዓመት ላይ አፍሮ መጠየቁን ይተዋል። ቀጥሎ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። መሬቱ የራሱ ነው፣ ደብተሩም በስሙ ነው፣ ምርቱ ግን ግማሹ ለአራሹ ይሄዳል። ሰው እስትንፋሱ ሲያጥር ግማሽ መሬቱን እንዳጣ ቁጠሩት። ከዚያ «የማያርስ ሰው በሬ ምን ያደርግለታል?» ይባልና በሬው ገበያ ይወርዳል። በመጨረሻ ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ወይ የአባቱን ሞፈር ይይዛል፣ ወይ በጅቡቲ በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ይነጉዳል።

ስለ ወሎ ወጣቶች ስደት ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ደላላው አለ፣ የጓደኛ ግፊት አለ፣ «የሳዑዲ ቤት» የሚባለው ባለ ቆርቆሮ ቪላ አለ። ሁሉም እውነት ነው። የአባት ትንፋሽ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ አላየሁም። ጅዳ ሆኖ በየወሩ ብር የሚልክ ልጅ ምን እየከፈለ እንደሆነ ስትጠይቁት አንዳንዴ መልሱ «የፋዘርን ፓፍ» ነው። ለአንድ በአፍ ለሚሳብ መድኃኒት አንድ ወጣት ባሕር ተሻግሯል። ይሄ የጤና ፖሊሲያችን ነው፤ በወረቀት ላይ አልተጻፈም እንጂ እየሠራንበት ነው።

የሴቶቹ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሴቷን ያሳመማትና የሚያበላት አንድ እሳት ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አክስት አለችኝ። ከሰባት ዓመት በላይ ሳሏ አልተዋትም። «በቃ ተይው፣ ጭሱ ነው የሚገድልሽ» ስላት ምጣዱን በማሰሻ እያሰሰች ሳቀችብኝ። «ብተወውማ ረሃቡ ይቀድማል፤ ጭሱ እንኳ ቀስ ይላል» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ አረቄ አውጪዋ «ከጭስ ራቂ» ሲባሉ ከገቢያቸው ራቁ እየተባሉ ነው። ምክሩ ትክክል ነው፣ የምክሩን ዋጋ የሚከፍል ግን የለም። ዋጋ የሌለው ምክር ደግሞ ስድብ ነው።

ገንዘቡን ትተን ወደ ሰው መሀል እንግባ። እድር ውስጥ ወንድ መቃብር ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ድንኳን ይተክላል፤ ሴት ውሃ ትቀዳለች፣ ትጋግራለች። የቀረ ይቀጣል። አንድ ጊዜ የቀረ ይቅርታ ይደረግለታል፣ ሁሌ የሚቀር ግን ስም ይወጣለታል። ሰነፍ። ሥራ ጠል። ባስ ሲልም ኩሩ። ወሎ ውስጥ ቡና ያለ እጣን አይፈላም፤ ጭሱ ሲበዛ ደጅ ወጥታ የምትቀመጥ ሴት «ኮራችብን» ትባላለች። ሳል የያዘው ሰው ሚኒባስ ውስጥ ሲያስል መስኮቱ ይከፈታል፣ ፊቶች ይዞራሉ፣ ቡና ላይ ስኒው ይለያል። «ነቀርሳ ነው» ይባላል። ነቀርሳ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም። ስለዚህ ሰው ሳሉን ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን በተረት ስንገሥጽ ኖረናል። ሳይደብቅ በግልጽ የነገረንስ ምን አገኘ?

ይሄን ጥያቄ በሁለት ቦታ ልመርምረው፤ በሴፍቲኔቱና በጤና መድኑ።

ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ደቡብ ወሎን የመሰሉ ምግብ የሚያጥራቸውን አካባቢዎች ታሳቢ አድርጎ ነው። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ጉልበት ያለው የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፦ እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ክፍያውን ያገኛል። ጉልበት የሌለው፣ ማለትም አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛና ሥር በሰደደ በሽታ የተያዘ፣ ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። እስቲ በደንብ አንብቡት፤ ሥር የሰደደ በሽታ የሚለው በመመሪያው ውስጥ አለ። በወረቀት ላይ ጥሩ ሕግ ነው።

አፈጻጸሙ ላይ ግን ማን ጉልበት እንዳለው የሚለየው ኮሚቴ ነው፣ ኮሚቴው የሚያየው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ዓይኑ የጠፋ ይታያል። እግሩ የተቆረጠ ይታያል። ሳንባው የተቆረጠ ግን አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከጎረቤቱ እያወጋ ነው የሚገኘው። ሰላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው። «ይሄ ምን ሆነ?» ይባላል። ከአግዳሚው ተነስቶ ኮረብታው ግማሽ ላይ ከንፈሩ ሲጠቁር ያየው ሰው ስብሰባው ላይ አይጠየቅም። በአምባሰል ተዳፋት ላይ እርከን ሥራ የተባለ የሳንባ በሽተኛ ሁለት ምርጫ አለው፦ እየታፈነ ሠርቶ ሊወድቅ፣ ወይ ቀርቶ ክፍያውን ሊያጣ። የማውቃቸው አንድ አባት በዚህ መሀል ሦስተኛ መንገድ አግኝተው ነበር፦ ልጃቸውን በእሳቸው ቦታ ሰደዱ። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ነበር። «እኔማ ቁጭ ስል ንጉሥ ነኝ፣ ስነሳ ነው ሬሳ የምሆነው» አሉኝ።

ወደ ጤና መድኑ እንሂድ። እዚህ ላይ ሐይቅ ተራ ከተማ አይደለችም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ሦስቱ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ሐይቅ የተሁለደሬ መዲና ናት። አገሩ ሁሉ ዛሬ የያዘው የመድን ደብተር ቀድሞ ከተያዘባቸው ቦታዎች አንዷ ናት ማለት ነው። መድኑን አልንቅም። ለድንገተኛ ሕመም ስንት ሰው ላሙን ሳይሸጥ ታክሞ ወጥቷል። መድን ባይኖር የማወራው ሁሉ እጥፍ ይሆን ነበር።

ግን ለሥር የሰደደ በሽታ መድኑን ስትፈትሹት የውጫሌ ውል ትዝ ይላችኋል። ውጫሌ ያለችው አምባሰል ውስጥ ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነገር ማለቱን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል፤ ነገሩ የጠራው አድዋ ላይ ነው። የዛሬው ደብተርም በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ይመስላል። ካርድ ክፍል ላይ «ተሸፍኗል» ይላል። ፋርማሲው መስኮት ላይ «የለም» ይላል። መድኃኒቱ ተቋሙ ውስጥ ከሌለ ወረቀት ተጽፎ ወደ ግል ፋርማሲ ይላካል፣ ከኪስ ይከፈላል። ለአንድ ጊዜ ሕመም ይሄ መጥፎ ቀን ነው። በየወሩ መድኃኒት ለሚያስፈልገው ሰው ግን ዕድሜ ልክ ነው። ወደ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚከፈለው ትራንስፖርት፣ የቀረው የሥራ ቀን፣ መንገድ ሲዘጋ የሚባክነው ሳምንት ደግሞ በደብተሩ ላይ ቦታ የላቸውም።

መድኃኒቱ ምን እንደሆነ እንግለጸው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ፓፍ» ሲባል አንድ ነገር ይመስለዋል። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሳልቡታሞል፣ የተዘጋውን ቧንቧ ቶሎ ከፍቶ ለጥቂት ሰዓት የሚያስተነፍስ። ሁለተኛው እንደ ቤክሎሜታሶን ያለው፣ በየቀኑ ሲወሰድ የቧንቧውን ቁጣ የሚያበርድና የአስም በሽተኛ እንዳይታፈን የሚከላከል። የመጀመሪያው እሳት ማጥፊያ ነው፣ ሁለተኛው እሳት መከላከያ። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዋቂዎችን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም አይገባም ብሎ ደምድሟል። እኔ ባየሁት ግን ገጠር ላይ የሚገኘው፣ ከተገኘ፣ የመጀመሪያው ነው። ካልተገኘ ደግሞ ክኒን ነው። ርካሹ ፕሬድኒሶሎን ለጥቂት ቀን ሕይወት ያተርፋል፤ ለዓመታት ሲዋጥ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል። ደሃው በአንድ በሽታ ፋንታ ሦስት ይዞ ይመለሳል።

ፓፉ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ኢኮኖሚስቶቹ ስለ ማሻሻያው ጥቅም ይከራከሩ፤ እኔ የምጠይቀው የአየር ቧንቧ ማሻሻያውን እንዴት ይጠብቅ ነው። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ በደቡብ ወሎ ሲያልፍ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ታሞ የሚኖር ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ያልተቋረጠ ነገር ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ያልተቋረጠ ነገር ብርቅ ነው።

«ደሃ አገር ነን፣ ሁሉን ማድረግ አንችልም» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እሺ። ታዲያ ሳንባ ነቀርሳን እንዴት ቻልነው? ምርመራው ነፃ ነው፣ መድኃኒቱ ነፃ ነው፣ ለወራት ክትትል አለው፣ የቀረ ቤቱ ድረስ ይፈለጋል። የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ ነፃ ነው። «እሱ ለጋሽ አለው» ትሉኛላችሁ። ለጋሹ ለምን መጣ? ነቀርሳ ስለሚተላለፍ፣ ሀብታሙንም ስለሚያስፈራ ነው ብዬ አምናለሁ። የትንፋሽ ማጠር አይተላለፍም። ስለዚህ የሚፈራውም፣ የሚከፍልለትም የለም። ይሄ የአቅም ጉዳይ ሳይሆን የፍርሃት ጉዳይ ነው። ይባስ ብሎ ከነቀርሳ የዳነው ሰው ሳንባው ጠባሳ ይዞ ሲመለስ እዚያው መስኮት ላይ «ድነሃል፣ ፋይልህ ተዘግቷል» ይባላል። ፋይሉ እንጂ በሽታው አልተዘጋም።

እውቀትም አልጎደለንም። የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና መመሪያ የተቀዳው ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የሳንባ ተቋም ውስጥ ከተዘጋጀ መመሪያ ነው። የሳንባ ሐኪሞች የጀመሩት መመሪያ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ አስምን እንዴት መለየትና ማከም እንደሚቻል ገጽ በገጽ ይናገራል። የጎደለው ገጹ የሚጠራው መድኃኒት ነው። ርካሽ ብልሃትም አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት፣ ከግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ መሳቢያ አስም ለተነሳባቸው ልጆች ፋብሪካ ከሠራው እኩል እንደረዳ አሳይቷል። የውሃ ጠርሙስ በየመንገዱ ወድቋል። ጠርሙሱ ላይ የሚሰካው ፓፍ ነው የጠፋው።

ሌላው መልስ «ምድጃ እናሻሽል» ነው። እደግፋለሁ። ምርት ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ጭሱን ከነአካቴው ያስቀራል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ከገበሬና ከእንጀራ ጋጋሪ ጭምር በተሰበሰበ ገንዘብ የተሠራ ነው፤ መብራቱ ቦንድ የገዛችው ሴት ምጣድ ሥር እስኪደርስ ድረስ ግድቡ አላለቀም ባይ ነኝ። ግን አንርሳ፤ ምድጃ የነገዋን ልጅ ያድናል እንጂ የጠፋ ሳንባ አይመልስም። ዛሬ የምትታፈነውን ሴት «ልጅሽ አትታፈንም» ብሎ ማጽናናት ለእሷ መድኃኒት አይሆንም። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ጉልቻው ይቀየር፣ ወጡም ይታሰብበት።

የኛ የባለሙያዎቹ መልስ ደግሞ አለ፦ አፕ እንሥራ። ማስታወሻ የሚልክ፣ «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» የሚል። ከሙያ ጓደኞቼ ይሄን ሐሳብ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት። ወገኖቼ፣ የሌለ መድኃኒት ማስታወሻ አያስፈልገውም። ሶፍትዌር ይሥራ ከተባለ በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ፓፍ ያለቀበትን ቀን ቆጥሮ ለሕዝብ የሚያሳይ ይሥራ። በሽተኛውን የሚቆጣጠር ሳይሆን መስኮቱን የሚቆጣጠር።

እንግዲህ የምጠይቀው አራት ነገር ነው። አንድ፣ ሁለቱም ዓይነት ፓፍ እንደ ነቀርሳ መድኃኒት በየጤና ጣቢያው በነፃ ይሰጥ፤ ካልሆነም መድኑ በተቋሙ ያላገኘውን ከግል ፋርማሲ ለገዛ አባሉ ገንዘቡን ይመልስ። ሙከራው በተጀመረበት በተሁለደሬ ቢጀመር ደግሞ ያምራል። ሁለት፣ የነቀርሳ ሕክምና የጨረሰ ሰው ሁሉ ፋይሉ ከመዘጋቱ በፊት ትንፋሹ ይለካ። ሦስት፣ እንጀራ ለሚሸጡ ሴቶች የኤሌክትሪክ ምጣድና መስመር በብድር ይቅረብ፣ «ከጭስ ራቂ» የሚለው ምክር ዋጋው ተከፍሎ ይምጣ። አራት፣ የትንፋሽ ማጣት በሴፍቲኔቱም በእድሩም እንደ ጉልበት ማጣት ይቆጠር። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568 በ2000 ዓ.ም. ሲወጣ ትርጉሙን የአካል ጉዳት ከሚያመጣው እኩል የሥራ ዕድል ማጣት ጋር ነው ያያያዘው። ሳንባ አካል አይደለም ያለ ሕግ አላየሁም።

አራተኛው ገንዘብ እንኳ ብዙ አይጠይቅም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ የሚባል መለኪያ አለ። ሜዳ ላይ መስመር ይሰመራል፣ ሰዓት ይያዛል፣ ሰውየው በስድስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሄደ በሜትር ይቆጠራል። የሚያስፈልገው ገመድ፣ ሰዓትና አንድ የጤና ባለሙያ ነው። የቀበሌው ኮሚቴ ዝርዝሩን ሲያጸድቅ፣ የእድሩ ዳኛ ቅጣቱን ሲጽፍ፣ እኛም ከአዲስ አበባ ወይ ከጅዳ ደውለን «እንዴት ናችሁ?» ስንልና «ደህና» ተብለን ስንዘጋ፣ አንድ ነገር እንልመድ። ሰውየውን ቁጭ ብሎ አንመነው። እንዲነሳ እንጠይቀው፣ አብረነው ስድስት ደቂቃ እንሂድ፣ ከዚያ እንወስን።